ለየክፍሉ የሚስማማው ምንጣፍ

ምንጣፍ የቤት ጌጥ ነው። ለእንግዳ ያለንን አክብሮት ይገልጣል፤ ባዶውን ወለል ይሸፍናል፤ ቤተ ሰቡንም በአንድነት ሰብስቦ ያስቀምጣል። ነገር ግን ምንጣፍ ከጌጥነቱ ሌላ የማይታይ አንድ ሥራ አለው፤ ይኸውም በሰውና በመሬት መካከል መቆሙ ነው። ሕፃን በላዩ ይድሃል፤ እናት በላዩ ተቀምጣ ልጇን ታጠባለች፤ ተማሪ ደብተሩን ዘርግቶ ያጠናበታል፤ ብዙ ሰውም ይተኛበታል። ስለዚህ በሚገባ ተመርጦ በንጽሕና የተያዘ ምንጣፍ ለጤና ጋሻ ሲሆን፥ ሳይታሰብበት ተገዝቶ፥ አንድ ጊዜ ተነጥፎ የተረሳ ምንጣፍ ግን የተባይ፥ የአቧራና የሻጋታ መጠለያ ይሆናል።

በዚህ ወር ጽሑፋችን በጋምቤላ ከተማና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች ለየትኛው ክፍል ምን ዓይነት ምንጣፍ እንደሚስማማ እንገልጣለን። ነገሩ ለጊዜው ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ዳሩ ግን የሕፃናትን ጤና በቀጥታ የሚነካ ስለ ሆነ ልንመረምረው ይገባል።

ሌላውን ከመምከራችን በፊት በገዛ ራሳችን ላይ የደረሰውን እንናገር። ከመካከላችን አንዱ ወደ ጋምቤላ በመጣበት በመጀመሪያው ዓመት ከደጋ አገር ያመጣውን ወፍራም የሱፍ ምንጣፍ በተከራየው ቤት እንግዳ መቀበያ ክፍል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አነጠፈው። የቤቱ ወለል ስሚንቶ ነበረ። ምንጣፉ ያማረ ስለ ነበረ የመጣው ጎረቤት ሁሉ ያደንቀው ነበር። በግንቦት ዝናብ ጀመረ፤ በሐምሌም ክፍሉ የእርጥብ ዕቃ ሽታ ይሸት ጀመር። የሦስት ዓመት ሴት ልጁ ማታ ማታ ታስል፥ ስትተነፍስም ደረቷ ሲር ሲር ይል ነበር። ወላጆቿ ነገሩን ለብርድ ሰጡት፤ ብርድ እንዳይነካትም ብለው ቀን ቀን በዚያው በወፍራሙ ምንጣፍ ላይ ያስቀምጧት ነበር። በመስከረም ቤቱ ለበዓል ሲጠረግ ምንጣፉ ቢገለበጥ፥ ጀርባው በሙሉ በሻጋታ ጠቁሮ ተገኘ። ምንጣፉ ወጥቶ ወለሉ ባዶውን ከሰነበተ በኋላ የልጅቱ ሳል እየቀለለ ሄደ።

የአንድ ልጅ ነገር ብቻውን ለሁሉ ማስረጃ አይሆንም። ሆኖም ሻጋታና የቤት ውስጥ አቧራ አስም ያለበትን ሰው ሕመም እንደሚያባብሱ በሕክምና የታወቀ ነው። እኛን ያሳዘነን ገንዘባችን ማለቁ አይደለም፤ ለዓይን ባማረ ዕቃ ላይ ገንዘባችንን ስናፈስ ልጃችንን በሻጋታ ላይ ማስቀመጣችንን ሳናውቅ አራት ወር መቆየታችን ነው።

የአገሩ ጠባይ

የምንጣፍ ምርጫ ከአገሩ አየር ይጀምራል። የጋምቤላ ከተማ በባሮ ወንዝ ዳር፥ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብላ የምትገኝ ቆላ ናት። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ የሚወጣበት ቀን ብዙ ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ደግሞ ዝናቡ ይበረታል፤ አየሩም በእርጥበት ይሞላል፤ ባሮም ሞልቶ በኢታንግ፥ በላሬና በጅካዎ በኩል ያለውን ሜዳ ያጥለቀልቃል።

በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ከተፈቀደ በኋላ፥ ወንዙ በሚሞላበት ወራት ከካርቱም የሚመጡ መርከቦች ሸቀጥ እያራገፉ ቡና ይጭኑ ነበር። ዛሬ የመርከቡ ዘመን አልፎ አብዛኛው የቤት ዕቃ በመቱና በጎሬ በኩል በሚወርደው መንገድ በመኪና ይመጣል። ከዕቃውም ጋር የደጋው አገር ልማድ አብሮ ይወርዳል። ለምሳሌ በመንዝ ከበግ ጠጉር የሚሠራው ባና ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላለው ብርዳም አገር የተገባ ሥራ ነው። በዚያ ሙቀትን ይይዛል፤ በደረቁ ነፋስም ቶሎ ይናፈሳል። በባሮ ዳር ግን ማንም ሙቀት እንዲጨመርለት አይፈልግም፤ በክረምትም የሱፍ ምንጣፍ የጠጣውን እርጥበት በቀላሉ አይለቅም። ጥፋቱ የዕቃው አይደለም፤ ዕቃውን ከአገሩ ጋር ሳያስተያይ የገዛው ሰው ነው።

የአገሩ ተወላጆች አኗኗር በዚህ ረገድ ትምህርት ይሰጠናል። በአኙዋና በኑዌር መንደሮች ለመቀመጫና ለመኝታ ሲያገለግሉ የኖሩት ቁርበት፥ ከሣርና ከሸምበቆ የተሠራ ምንጣፍ ናቸው። እነዚህ ሁሉ ቀላል ናቸው፤ ጧት ተጠቅልለው ይነሣሉ፤ በፀሐይ ይሰጣሉ፤ ውሃ ሲመጣ ወይም ከብቱ ወደ ወንዝ ዳር ሲወርድ ተሸክመዋቸው ይሄዳሉ። ከዚህም ለጋምቤላ ቤት ሁሉ የሚሆን አንድ ደንብ እናገኛለን፤ ይኸውም «የማይነሣ ምንጣፍ አይነጠፍ» የሚል ነው።

ስለዚህ ገዥው ሰው በሱቅ ቆሞ የምንጣፉን ቀለምና ሐረግ ከማየቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ራሱን ይጠይቅ። አንደኛ፥ ይህን ምንጣፍ አንዲት ሴት ወይም አንድ ተማሪ ብቻውን አንሥቶ ወደ ደጅ ሊያወጣው ይችላልን? ሁለተኛ፥ በሳሙናና በውሃ ይታጠባልን? ሦስተኛ፥ በክረምት ወራት ጧት ታጥቦ ሳይመሽ ይደርቃልን? ለሦስቱም መልሱ «አዎን» ከሆነ ምንጣፉ ለጋምቤላ ይስማማል። ለአንዱ እንኳ «አይደለም» የሚል መልስ ቢገኝ፥ ዋጋው ርካሽ ቢሆን እንኳ ትርፉ ድካምና በሽታ ነው።

አስቀድሞ ስለ ወለሉ

ምንጣፍ በክፉ ወለል ላይ ቢነጠፍ ክፋቱን ይሸፍናል እንጂ አያርቀውም። በተሰነጣጠቀና አቧራው በማይጠፋ የአፈር ወለል ውስጥ ቁንጫ ይራባል። የቁንጫ እጭ የሚያድገው በሰው ገላ ላይ ሳይሆን በወለሉ ስንጥቅና ከምንጣፍ በታች በሚከማቸው ጉድፍ ውስጥ ነው። ሙጀሌም እንዲሁ በደረቅና በአቧራማ አፈር ውስጥ አድጎ፥ እንስቲቱ በሰው እግር ቆዳ ውስጥ ገብታ ታብጣለች። ይህች ተባይ ከአሜሪካ ክፍለ ዓለም በመርከብ ወደ አፍሪካ ምዕራብ ጠረፍ የተሻገረችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1872 ነው፤ ከዚያም በጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ውስጥ አህጉሩን አቋርጣለች። ሙጀሌ የገባበት ልጅ እግሩ ስለሚያመው ያነክሳል፤ ከትምህርት ቤትም ይቀራል። ብዙ ሰዎች በተጠቀሙበት መርፌ ወይም እሾኽ ማውጣትም ቁስሉን ለምርቀዛና ለመንጋጋ ቆልፍ ስለሚያጋልጥ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይሻላል።

የወለል ነገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሜክሲኮ አገር ምሳሌ ያስረዳል። በዚያ አገር ኮዋኺላ በሚባለው ክፍል ከ2000 ጀምሮ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ መንግሥት የድኾችን ቤት የአፈር ወለል በስሚንቶ ያስለውጥ ነበር። በኋላም በተደረገው ጥናት፥ የቤቱ ወለል በሙሉ ከአፈር ወደ ስሚንቶ በተለወጠበት ቤት በሚኖሩ ትንንሽ ልጆች የሆድ ትላትል ከመቶ 78፥ ተቅማጥ ከመቶ 49፥ የደም ማነስ ከመቶ 81 መቀነሱ ተገልጧል። ይህ የሚያስደንቅ ውጤት ነው። ምክንያቱ ግን ግልጥ ነው፤ ስሚንቶ ይታጠባል፤ አፈር አይታጠብም።

ስለዚህ ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመ ቤተ ሰብ ለትልቅ ምንጣፍ ከማዋሉ በፊት፥ ቢያንስ ሕፃናት የሚውሉበትን አንድ ክፍል ስሚንቶ ለማስደረግ ቢያስብበት መልካም ነው። አቅም የማይፈቅድለትም ተስፋ አይቁረጥ። የአፈሩን ወለል በሚገባ መደልደልና መጠቅጠቅ፥ ስንጥቁን በየጊዜው መድፈን፥ ከመጥረግ በፊትም አቧራው እንዳይነሣ ውሃ ርከፍ ርከፍ ማድረግ ብዙ ይረዳል። በሩዋንዳ አገር የተጠቀጠቀ የአፈር ወለል በተልባ ዘይት እየተቀባ እንዲጠነክርና በውሃ እንዲወለወል የማድረግ ሥራ ተስፋፍቷል።

እዚህ ላይ ስለ እበት አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። በእበት የተለቀለቀ ወለል አቧራ እንደማያስነሣ እናውቃለን። ይሁን እንጂ በከብት እበት ውስጥ የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም ሊኖር ስለሚችል አራስና አዲስ የተወለደ ሕፃን በእንዲህ ያለ ወለል ላይ በቀጥታ መተኛት የለባቸውም። ወሊድ በጤና ተቋም ይሁን። አዲስ የተወለደ ሕፃን እትብትም ከወለልና ከወለል ምንጣፍ ጋር ፈጽሞ አይገናኝ።

ለየክፍሉ

1ኛ. ደጃፍ። ከሁሉ በፊት ሊገዛ የሚገባው ምንጣፍ ከሁሉ ርካሹ ነው፤ እርሱም የእግር መጥረጊያ ነው። ጭቃውና አቧራው ከደጅ ከቀረ የውስጡ ምንጣፍ ዕድሜ ይረዝማል። ሻካራና ጠንካራ የሆነ፥ ውሃ የማይቋጥር የጎማ ወይም የቃጫ መጥረጊያ ይመረጣል። በክረምት ጭቃው ብዙ ስለ ሆነ ሁለት ቢሆኑ ይሻላል፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይነጠፋል። ከመጥረጊያውም አጠገብ የጫማ ማስቀመጫ ማዘጋጀት ይገባል። ጫማን በደጅ አውልቆ መግባት በብዙ ቤቶች የቆየ መልካም ልማድ ነው። ይህን ልማድ የማያውቅ እንግዳ ሲመጣ ባለቤቱ በትሕትና ንጹሕ ነጠላ ጫማ ቢያቀርብለት እንግዳው አይቀየምም።

2ኛ. እንግዳ መቀበያ ክፍል። ለዚህ ክፍል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚሸፍን ሞኬት አንመክርም። በወንበሮቹ መካከል የሚነጠፍ፥ ከጥጥ የተሠራ ስስ ምንጣፍ ወይም ጥሩ ሰሌን ይበቃል። ዙሪያው ባዶ መሆኑ ክፍሉን አያዋርደውም፤ እንዲያውም ወለሉ ስለሚታይ መጠረጉና አለመጠረጉ ይታወቃል። ሰሌን በሙቀት ወራት ገላን ያቀዘቅዛል፤ አቧራም በላዩ አይሰወርም። ነገር ግን በአፈር ወለል ላይ ሳይነሣ ከሰነበተ ምስጥ ይበላዋል። ስለዚህ በየቀኑ ይነሣ፤ ሥሩም ይጠረግ።

በበዓልና በቡና ሰዓት የሚጎዘጎዘው ቄጠማ የአገራችን ያማረ ልማድ ነው፤ ሆኖም ከአንድ ቀን በላይ መቆየት የለበትም። የጠወለገ ቄጠማ እርጥበትና ተባይ ይጋብዛል፤ ሲደርቅም ለእሳት ይመቻል። የከሰሉ ምድጃ በፕላስቲክ ምንጣፍ ወይም በቄጠማ ላይ በቀጥታ አይቀመጥ። በባዶ ወለል ላይ ወይም በብረት ዝርግ ላይ ይሁን፤ የከሰል ጭስና ጋዝ እንዲወጣም መስኮትና በር ይከፈት።

ባለ ጸጉር ወፍራም ምንጣፍ ያለው ሰው ምን ያድርግ? ለመጣል አንመክርም። ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው በደረቁ ወራት ይነጥፈው፤ የግንቦት ዝናብ ሳይጀምር በፀሐይ አድርቆና አራግፎ፥ ጠቅልሎ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ያስቀምጠው። በወፍራም ምንጣፍ ውስጥ ርዝመቱ የሚሊሜትር ሢሶ ያህል ብቻ የሆነ፥ በዓይን የማይለይ የአቧራ ቅንቅን ይኖራል። ምግቡ ከሰው ገላ የሚረግፈው ቅርፍት ነው። ውሃ አይጠጣም፤ እርጥበትን የሚያገኘው ከአየር ነው። የአየሩ እርጥበት ከመቶ 50 በታች ሲወርድ እየደረቀ ይሞታል፤ በክረምት ግን ይረባል። እዳሪው ከአቧራ ጋር ወደ ሳንባ ሲገባ አስም ያለበትን ሰው ያስጨንቃል።

3ኛ. መኝታ ክፍል። በዚህ ክፍል ምንጣፍ ባነሰ ቁጥር ጤና ይበዛል። አልጋ ላለው ሰው ከአልጋው ሥር እግር የሚያርፍበት፥ በየሳምንቱ የሚታጠብ ትንሽ የጥጥ ምንጣፍ ይበቃዋል። ከአልጋ በታች ምንጣፍ መዘርጋት የጉድፍ ማከማቻ ማበጀት ነው። ትኋን በምንጣፍ ጠርዝና ስፌት ውስጥ ስለሚደበቅ ስፌቱ በየጊዜው መታየት አለበት።

በምንጣፍ ላይ ለሚተኙ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር የአጎበር አጠቃቀም ነው። ጋምቤላ ወባ ያለበት አገር መሆኑን ሁሉ ያውቃል፤ ወባ የምታስተላልፈውም ትንኝ በተለይ በሌሊት ትናደፋለች። አጎበሩ ከላይ ተሰቅሎ ጠርዙ በዙሪያው ከመኝታው ምንጣፍ በታች በሚገባ መወተፍ አለበት። ስለዚህ የመኝታ ምንጣፍ ሲገዛ ከአጎበሩ የወለል ስፋት ጋር መመጣጠኑ ይለካ። ምንጣፉ ከአጎበሩ ከሰፋ ጠርዙ ተወትፎ አያልቅም፤ በቀረውም ክፍተት ትንኝ ትገባለች። ለመኝታ የሚሆነው ምንጣፍ ጠርዙ ያልተቀደደና ያልሾለ ይሁን፤ የሾለ የሰሌን ጫፍ አጎበር ይቀዳልና። አጎበርን ለምንጣፍነት ወይም ለዓሣ ማጥመጃ ማዋል የገዛ ልጅን ጋሻ እንደ መጣል ይቆጠራል። የመኝታ ምንጣፍ ሲዘረጋም ሲጠቀለልም ጊንጥ ወይም እባብ እንዳልገባበት በብርሃን አይቶ ማራገፍ ያስፈልጋል።

4ኛ. የሕፃን መዋያ። ከክፍሎች ሁሉ ይልቅ ልናስብበት የሚገባው ይህ ነው። በብዙ ቤት ግን የተለየ ክፍል አይደለም፤ እናት በምትሠራበት አጠገብ ያለ አንድ ማዕዘን ነው። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያለ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። በዚምባብዌ የገጠር ቤቶች የሕፃናትን ውሎ የተከታተሉ ተመልካቾች፥ ሕፃናት አፈርና የዶሮ ኩስ ጭምር ሲበሉ አይተዋል። ከዚህም ተቅማጥና የሆድ ትል ይመጣል።

ለሕፃን የሚስማማው ምንጣፍ ልሙጥ፥ አንድ ወጥ የሆነና በየቀኑ በሳሙና የሚታጠብ የፕላስቲክ ምንጣፍ ነው። በላዩ ንጹሕ የጥጥ አንሶላ ቢነጠፍ ልጁ በሙቀት አያልበውም። ይህ ምንጣፍ የሕፃኑ ብቻ ይሁን፤ ጫማ አይርገጠው፤ ዶሮም አይውጣበት። ፕላስቲክ ከሥሩ እርጥበት ስለሚያጠራቅም ማታ ማታ ይነሣና ይገልበጥ።

ይሁን እንጂ ምንጣፍ ብቻውን ሕፃን ያሳድጋል ብለን አንዋሽም። በዚያው በዚምባብዌ በተካሄደና በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ውጤቱ በታተመ ትልቅ ጥናት፥ ለቤተ ሰቦች መጸዳጃ፥ የእጅ መታጠቢያ፥ ንጹሕ ውሃና የሕፃን መጫወቻ ምንጣፍ ተሰጥቶ ነበር። የልጆቹ ቁመት የተሻሻለው ግን ተጨማሪ ምግብ ባገኙት ዘንድ ነው፤ የንጽሕናው ዕቃ ብቻ በቁመታቸው ላይ ለውጥ አላመጣም። ከዚህ የምንማረው ንጽሕና ዋጋ የለውም ማለትን አይደለም። የሕፃን ጤና በምግብ፥ በክትባት፥ በንጹሕ ውሃና በንጹሕ መዋያ በአንድነት የሚቆም መሆኑን ነው። ምንጣፍ ከእነዚህ አንዱን ይረዳል፤ የሌሎቹን ቦታ ግን አይተካም።

5ኛ. ማድ ቤት። በማድ ቤት ምንጣፍ አይነጠፍም። ዘይትና የምግብ ፍርፋሪ ይጠጣል፤ በረሮና አይጥ ይጠራል፤ እሳት ሲነካውም ይያያዛል። የፕላስቲክ ምንጣፍ ሲቃጠል እየቀለጠ ገላ ላይ ስለሚጣበቅ ቁስሉ ጽኑ ነው። ለምትሠራው ሴት ከምንጣፍ ይልቅ ከፍ ያለ በርጩማ፥ ለእግሯም ጫማ ያስፈልጋታል።

6ኛ. መታጠቢያ ክፍል። እዚህ የጨርቅ ምንጣፍ ዘወትር እርጥብ ስለሚሆን ይሻግታል፤ የእግር ጣት መላላጥንም ከአንዱ ወደ ሌላው ያስተላልፋል። የማያንሸራትት የጎማ ምንጣፍ ብቻ ይነጠፍ፤ ከታጠቡበት በኋላ ይቁም እንጂ ተነጥፎ አይደር። በቤቱ ሽማግሌ ወይም ባልቴት ካሉ በየትኛውም ክፍል ጠርዙ የታጠፈ ወይም የሚሸራተት ምንጣፍ አይኑር፤ በእርጅና ዘመን መውደቅ አጥንት ይሰብራልና።

ስለ አያያዙ

የምንጣፍ ጤንነት የሚጠበቀው በመግዣው ቀን ሳይሆን በየሳምንቱ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፥ ለምሳሌ ቅዳሜ ጧት፥ በቤት ውስጥ ያለው ምንጣፍ ሁሉ ወደ ደጅ ይውጣ። ከቤቱ ራቅ ብሎ፥ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ፥ አፍንጫንም በጨርቅ ሸፍኖ ማራገፍ ይገባል። ከዚያም ሁለቱም ገጾች ተራ በተራ ለቀትር ፀሐይ ይሰጡ። የጋምቤላ ፀሐይ ዋጋ የማይከፈልበት መድኃኒት ነው። ትኋን ከ45 እስከ 50 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ሲቆይበት ስለማይችል፥ ትንሽ ምንጣፍን በጥቁር ፕላስቲክ ጠቅልሎ በፀሐይ ማዋል ሙቀቱን ከፍ ያደርገዋል። ምንጣፉ ደጅ ሳለ ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፤ ወለሉ ሳይደርቅም ምንጣፉ አይመለስ።

የፀረ ወባ መድኃኒት በቤት ውስጥ በሚረጭበት ቀን ምንጣፍና የምግብ ዕቃ ሁሉ አስቀድሞ ይውጣ። ከተረጨ በኋላ የሞቱት ነፍሳት ተጠርገው ሳይጣሉና ወለሉ ሳይጠራ ሕፃናትና ዶሮዎች አይግቡ። የተረጨውንም ግድግዳ ወዲያው እንደገና መለሰን መድኃኒቱን ከንቱ ያደርገዋል።

የጎርፍ ውሃ የነካው ምንጣፍ ብዙ ጊዜ ከመጸዳጃ ጉድጓድ የወጣ ቆሻሻ ነክቶታል። ፕላስቲክ ከሆነ በሳሙና ታጥቦ፥ በመያዣው ላይ በተጻፈው መጠን በውሃ በቀጠነ በረኪና ይታሽ፤ በፀሐይም ይድረቅ። ውሃ የጠጣ ወፍራም ምንጣፍ ግን በሁለት ቀን ውስጥ ሊደርቅ ካልቻለ ቢያሳዝንም መጣል አለበት።

ስለ ገንዘቡ

በአብዛኛው ቤት የተለመደው አገዛዝ አስቀድሞ ለእንግዳው ክፍል ትልቁንና ያማረውን መግዛት፥ ከዚያም ለመኝታ የተረፈውን ማዋል፥ የእንግዳው ሲያረጅም ለሕፃናቱ መስጠት ነው። በዚህም ዓይነት ያረጀው፥ የተቀደደውና አቧራ የጠጣው ምንጣፍ በቤቱ ውስጥ ሰውነቱ ከሁሉ ይልቅ ደካማ ለሆነው ይደርሰዋል። ይህ ሥርዓት መገልበጥ አለበት ብለን እናምናለን። ገንዘብ ለአንድ ምንጣፍ ብቻ የሚበቃ ከሆነ የሕፃኑ ይቅደም፤ ሁለተኛው የደጃፍ መጥረጊያ ይሁን፤ ሦስተኛው የመኝታው፤ የእንግዳው ከሁሉ በኋላ ይምጣ። እንግዳ የሚቀመጠው ለአንድ ሰዓት ነው፤ ሕፃን የሚውለው ግን ቀኑን ሙሉ ነው። ደግሞም የኢትዮጵያ እንግዳ የሚመዝነው የባለቤቱን ፊት እንጂ የምንጣፉን ውፍረት አይደለም።

ለመምህራን

በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 16 ክፍሎች አንዱ የመኖሪያ ቤት ጤና አጠባበቅ ነበር። ነገር ግን የጤና ሠራተኛ ወደ አንድ ቤት የምትሄደው አልፎ አልፎ ሲሆን፥ ተማሪ ግን በየቀኑ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ መምህራን ይህን ትምህርት በክፍል ውስጥ እንዲያነሡት እንለምናለን። ተማሪዎች በቤታቸው ያለውን ምንጣፍ ገልብጠው ከሥሩ ያገኙትን፥ ማለት አቧራ፥ እርጥበት፥ ተባይ ወይም ንጹሕ ወለል፥ በደብተራቸው ጽፈው ቢያመጡ መልካም የሳይንስ ትምህርት ይሆናል። ሥራው ግን ማንንም እንዳያሳፍር ይጠንቀቁ፤ ጽሑፉ በክፍል ውስጥ ጮክ ተብሎ አይነበብ። የአፈር ወለል ያለው ቤት ልጅ ቤቱ ከሌላው ያነሰ እንዳይመስለው፥ ተጠርጎ የተያዘ የአፈር ወለል በቆሸሸ ሞኬት ከተሸፈነ ስሚንቶ እንደሚሻል ይነገረው።

በመጨረሻ አንባቢዎቻችን ዛሬውኑ አንድ ነገር እንዲያደርጉ እንጠይቃለን። ይህን ጽሑፍ አንብበው ሲጨርሱ ተነሥተው በቤታቸው ያለውን ትልቁን ምንጣፍ አንዱን ጠርዝ ይግለጡ። ከሥሩ ደረቅና ንጹሕ ወለል ካገኙ ደስ ይበላቸው። እኛ ያገኘነውን ዓይነት ጥቁር ሻጋታ ካገኙ ግን መስከረምን አይጠብቁ፤ ነገ ጧት ፀሐይ ስትወጣ ምንጣፉ ወደ ደጅ ይውጣ።